የእመት ጓዳ ሶስ

አባባ የመጀመሪያውን በርገር ቤት የከፈተው ከአንዲት ጠባብ ክፍል ተነስቶ ነው። ዛሬ ቅርንጫፎቻችን የከተማውን መስቀለኛ መንገዶች ሞልተውታል። ታናሽ ወንድሜ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ስለሚከፍት ቤተሰቡ «ቅርንጫፍ» ይለዋል። እኔን ደግሞ «እመት ጓዳ» ይሉኛል።

የቤታችን ሕግ እንዲህ ነው፦ ሶሱ የሚቀመመው በመጀመሪያው ቤት፣ በር ተዘግቶ፣ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ቤቱ አሁን ምግብ አይሸጥም፤ ሹፌሩ ጀሪካኖቹን ከደጅ ጭኖ ለየቅርንጫፉ ያድላል። አባባ የቅመሙን ልክ ሲያስተምረኝ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለኝ። ለትዳር የጠየቁኝንም ሁሉ መለሳቸው፤ ትራስ የተጋሩ ሰዎች ምስጢር አይደባበቁም ባይ ነበር። እኔም ሞኟ፣ የቤተሰቡ እንጀራ በእጄ ነው ብዬ እሺ አልኩ። ብቸኝነቱ ሲጠናብኝ ከሰናፍጩ ጋር አወራለሁ። መልስ አይሰጥም እንጂ ደህና አድማጭ ነው።

አባባ ካረፈ በኋላ አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስመለስ ራበኝና አዲሱ ቅርንጫፍ ገባሁ። ቅርንጫፍ መዞር ልማዴ ስላልሆነ ገንዘብ ተቀባይዋ አላወቀችኝም። እንደ ሰው ተሰልፌ በርገር ገዛሁ። ሰው ሶሴን ሲበላ አጠገቡ መቀመጤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንዴ ገመጥኩና ቆምኩ። ቅመሙ የእኛው ነው፤ ስኳር ግን ገብቶበታል። እኔ ስኳር አስገብቼ አላውቅም።

ወንድሜ ቢሮው ፎቅ ላይ ስለሆነ አስጠራሁት። እየሳቀ ወረደ። ሶሱ የማን እንደሆነ ስጠይቀው ሳቁ ጠፋ። ፋብሪካ እንደሚሠራው፣ የእኔን ሹፌሩ እንደሚደፋው አልደበቀኝም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«አባባ ገና ጤነኛ ሳለ ነው፣ እትዬ። ልኩን ለፋብሪካው ሰዎች የነገራቸው እሱ ራሱ ነው። ‹እሷ እንዳትሰማ፣ ይህን ከተነጠቀች ምን ይቀራታል› አለን።»

አባባ ጤነኛ ሳለ እኔን ለትዳር የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም ነበር። ተናደድኩ፤ ድምፄ ግን ከፍ አላለም። ብቻውን የኖረ ሰው መጮህም ይረሳል።

«ያኔ ብትነግሩኝ አገባ ነበር» አልኩት።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በርገሩ ሳይቀዘቅዝ እንድበላ ነገረኝ።