ስግደት የማያውቅ ስልክ

«የአባዬ ስልክስ የት ገባ?» አለች ውባንቺ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ለቀስተኛው ንፍሮ እየቆረጠመ ነበር።

ወንድሟ የሻው እንዳቀረቀረ መለሰ። «አላገኘሁትም አልኩሽ እኮ፣ እትዬ። ስደውልለት ዝግ ነው ይላል።»

«የወደቁ ዕለትስ አልጠራህም?»

«አልጠራኝም።»

አላመነችውም። ወደ ሴቶቹ ጎን ተመልሳ ተቀመጠች። የሟች ልጆች ጎን ለጎን እንደሚቀመጡ ታውቃለች፤ አጠገቡ መሆን ግን አስጠላት። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል፤ እሷ ደግሞ ስንጥሩን ያገኘችው መስሏታል። አባታቸው አረጋ ከቤታቸው በታች ካለው የድንጋይ እርከን ወድቀው እስኪመሽ ድረስ ያነሳቸው ሰው አልነበረም። ስልኩ የተገዛው ደግሞ ለዚሁ ነበር። የያዘው ሰው ሲወድቅ በራሱ አውቆ የሻው ስልክ ላይ ይጮሃል። ታዲያ ካልጮኸ ለምን ጠፋ? ጮኾ ከነበረስ ማን ደበቀው?

ለገና ከአዲስ አበባ መጥታ ስልኩን በትንሽ ከረጢት አድርጋ ወገባቸው ላይ ስታስርላቸው፣ ሽማግሌው «ይኼ ደግሞ ጠባቂ መልአክ መሆኑ ነው?» ብለው ሳቁባት። ሁዳዴ ሲገባ ግን ጉድ ፈላ። ኪርያላይሶን እያሉ በሰገዱ ቁጥር ስልኩ የወደቁ እየመሰለው ይጮኽ ጀመር። የሻው ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አውርዶ ባጃጁን እያስጮኸ ይመጣል፤ ሲደርስ አባቱ ግንባራቸው አፈር እንደነካ ቆመው ያዩታል።

«እትዬ፣ ይህን ነገር አንድ በይው፤ ሥራ ልፈታ ነው» ብሎ ደወለላት።

«አባትህ ናቸው፣ ብትሮጥ ምን አለበት?» አለችው።

ከዚያ በኋላ ስሞታው ቆመ። አባቷን ስትጠይቅም «አሁንማ ተስማምተናል፣ አይጮኽም» አሏት። ለምን ዝም እንዳለ አልጠየቀችም። አሁን ግን ገባኝ አለች፤ የሻው ሰልችቶት ዘግቶታል።

የሰልስቱ ዕለት የንስሐ አባታቸው መምሬ ታፈረ ከብልባላ መንገድ አቧራ ለብሰው ገቡ። ነፍስ ይማር ብለው ሳይጨርሱ ከጋቢያቸው ሥር በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ስልኩ ነው።

«እኔ ዘንድ ቀርቶ ነው» አሉ። «አባታችሁ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ሊሰግድ ሲል ለኔ ይሰጠኛል። ‹መምሬ፣ ይያዙልኝ፤ ያ ልጅ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል› ይለኛል። ሰግዶ ሲያበቃ ይቀበለኛል። ያን ዕለት ግን የሚያጣጥር ሰው ያናዝዙልን ብለው ሲያጣድፉኝ ይዤው ብልባላ ሄድሁ። መርዶውን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው፣ ልጆቼ።»

የሻው ቀና አለ። «አንቺ አስተካክለሽው ዝም ያለ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ። በልቤ አመሰግንሽ ነበር።»

ውባንቺ አፈረች። እስካሁን ደግፎ ያቆማት ንዴቱ ነበርና፣ ሲለቃት የአባቷ ሞት እንደ አዲስ ታወቃት። ከኋላዋ ነገሩን ያልሰማች አንዲት ለቀስተኛ ለጎረቤቷ ስታንሾካሽክ ሰማቻት።

«ልጁ እዚሁ ከተማው ውስጥ እያለ፣ እስኪመሽ ድረስ…»

ውባንቺ ዞረች። «ሥራ ላይ ነበር» አለች ጮክ ብላ። «አባዬ ናቸው ሥራውን እንዳይፈታ ያሉት።»

ተነስታ ወደ የሻው ሄደች። ከቀብር ጀምሮ ያላወለቀው ጫማ ላይ የመቃብሩ አፈር ደርቋል። ፊቱ ተንበርክካ ማሰሪያውን መፍታት ያዘች።

«ተይ እንጂ እትዬ፣ ሰው ፊት» አለ።

አልተወችም። አንዱን አወለቀችለት፣ ሁለተኛውንም። ከዚያ ጫማዎቹን ከፍራሹ ጫፍ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።