የግሪኩ አትክልት ቦታ

ወሬው የመጣው በስልክ ነው። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የአዳማ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛው ወዬሳ ወደ ገብረወልድ ልብስ ስፌት ቤት መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ግባ ቢባል አልገባም።

«ኦቦ ገብረወልድ፣ ከመተሐራ ደውለው ነበር» አለ። «የእህትዎ ልጅ ሙሉአለም፣ ንዳድ ይዞት ሦስት ቀን ተኝቶ ነበር አሉ። ዛሬ ቀትር ላይ አርፏል። ነገ በባቡሩ ይልኩታል።»

ገብረወልድ እግሩ የስፌት መኪናውን መርገጡን አላቆመም ነበርና፣ መርፌው የሰው ሱሪ ላይ ጠማማ መስመር እየሰፋ ሄደ።

ሙሉአለም የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ በሐዲድ ጥገና የቀን ሠራተኛ። እናቱ አሰለፈች የገብረወልድ ታላቅ እህት ናት፤ ከሙሉአለም ሌላ ልጅ የላትም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በቅርጫት ይዛ በባቡሩ መስኮት ሥር እየሮጠች ትሸጣለች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ባቡር ስትቀበልና ስትሸኝ ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍራበት አታውቅም።

መከራውም እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ መርዶ እንደ ተሰማ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሁሉ የሆዱን በሆዱ ይዞ ካላወቀው ጋር ይስቃል፣ ይጫወታል፤ ይህንንም ደግነት ይለዋል። ደግነት ይሁን ፍርሃት እኔ እንጃ። ሞትን የሚያህል ነገር ደብቆ ለማሳደር ግን ብልሃት አጥሮን አያውቅም። አሁን ሬሳው የሚወርደው አሰለፈች በየቀኑ ቅርጫቷን ይዛ በምትቆምበት ቦታ ነበር።

የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ኃይለየሱስ ነገሩን ቆረጡት። «በበረሃ ሙቀት የዋለ ሬሳ እናት ፊት አይወርድም። አንተ ነገ ከከተማው አውጣት፤ እኛ እንቀብራለን። ታላቅ ወንድማችሁ ከምንጃር ሲደርስ፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን።»

«ቅርጫቷን ጥላ የት ትሄድልኛለች? ለጥምቀት እንኳ ጥላው አትሄድም።»

«ፈልግ» አሉት ሽማግሌው። «ወንድሟ አይደለህም?»

ገብረወልድ ፈለገና አገኘ። ምነው ባላገኘ!

በሞጆ ወንዝ ዳር ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ አንድ አትክልት ቦታ ነበረው። ሰውየው ሥራ ፈት ይሁን ጥበበኛ ያልለየለት ነው። ቁጥቋጦውን በመቀስ እየከረከመ ዝሆን አድርጎታል፤ ከሲሚንቶ የሠራው አንበሳ ውኃ ይተፋል፤ አንድ ወንበር ደግሞ ሰው በመሰላል የሚወጣበት አድርጎ አቁሟል። ለመግቢያ ጥቂት ቤሳ ለሰጠው ሁሉ በሩ ክፍት ነው። ሙሉአለም በባቡር ሲያልፍ ዝሆኑን በመስኮት አይቶ፣ «እማዬ፣ አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። ይህንን ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ፣ «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ያሾፉባታል።

ረቡዕ ጠዋት ገብረወልድ ቤቷ ሄደ። «እትዬ» አላት፣ «ሙሉአለም በሰው እጅ ገንዘብ ልኮልኛል። ያንን አትክልት ቦታ አሳይልኝ ብሏል። ዛሬውኑ እንሂድ።»

አሰለፈች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አልረሳውም? የእኔ ልጅ! አልረሳውም?»

ቅርጫቷን አብራት ለምትሸጠው ለጎረቤቷ ለመሪማ ሰጠች። መሪማ ሌሊቱን ወሬውን ሰምታ ነበርና ቅርጫቱን ስትቀበል ቀና ብላ አላየቻትም። አሰለፈች የበዓል ቀሚሷን ለበሰች፣ ቀኑ ጾም ስለሆነ ለስንቅ ዳቦና ቆሎ ብቻ ቋጠረች።

ወደ ሞጆ የሚወጣው ባቡር አንድ ብቻ ነው። እሷን ከአዳማ የሚያወጣት ባቡር ልጇን ወደ አዳማ የሚያመጣው ባቡር ነበር። ገብረወልድ ከወዬሳ ጋር ተማክሮ፣ እሷ ከፊት ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ገብታ እስክትቀመጥ ድረስ ከኋላ ካለው የዕቃ ፉርጎ ምንም እንዳይወርድ አድርጓል። ግን አሥራ ሁለት ዓመት መስኮቱን ከውጭ ያየች ሴት ከውስጥ ስታገኘው ዝም ብላ ትቀመጣለች? አንገቷን አውጥታ ወደ ኋላ ታይ ጀመር። አራት ሰዎች በሰሌን የተጠቀለለ ረጅም ነገር ሲያወርዱ አየች።

«ውይ! ሬሳ ነው» አለች። ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብሰብ አደረገች። «ነፍስ ይማር። የማን ልጅ ይሆን? የእናቱን ሆድ ያጽናው።»

ገብረወልድ ምን ይበል? «አሜን» አለ።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ሞጆ እስኪደርሱ አፏ አልተዘጋም። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ ትገረማለች፣ አጠገቧ ለተቀመጡት ሁሉ ቆሎ ትዘግናለች፣ «ልጄ ነው የላከኝ» ትላለች። «የሐዲድ ሠራተኛ ነው። ይኼንን የምንሄድበትን ሐዲድ የሚጠግነው እሱ ነው።» አንዲት ተሳፋሪ «ይባረክልሽ» ስትላት ገብረወልድ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ።

አትክልት ቦታው ከተወራለትም በላይ ነበር። አሰለፈች ቅጠል ዝሆኑን ዞራ ዞራ አየችው፣ ኩምቢውን ነካችው። ከሲሚንቶው አንበሳ አፍ በሚወጣው ውኃ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ ያ ረጅም ወንበር ጋ ደረሱ። አትክልተኛው ፉፋ መሰላሉን ይዞላት ወጣችና ተቀመጠች። እግሮቿ አየር ላይ ተንጠለጠሉ።

«ገብሬ! የሁለት ዓመት ልጅ ሆኜልህ የለም?» ብላ እግሮቿን አወዛወዘች። ሳቀች። ዕንባዋ እስኪወርድ፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ገብረወልድ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ደግሞም የሚያሳፍረው ነገር መጣ፤ እሱም ሳቀ። ለይስሙላ ሳይሆን ከልቡ፣ ሁሉን ረስቶ ሳቀ። ወዲያው ጥላውን አየ፤ እግሩ ሥር ገብቷል። ቀትር ነው። አሁን ፍትሐቱ አልቆ አፈር እያለበሱት ነው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችው ከላይ ሆና።

«ፀሐዩ ነው፣ እትዬ።»

ያን ጊዜ ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቦታው ለማልቀስም ይበቃ ነበር፤ ሰው አልነበረም፣ ወንዙ ነበር። ግን በአትክልት ቦታ መርዶ የሚነግር ወንድም ማን ይባላል? ወጉን ፈራ። ሆድ ይፍጀው አለ።

ስትመለስ ፉፋን ለምና የቀይ አበባ ቅርንጫፍ አስቆረጠች። በጭቃ አድርጋ በቆርቆሮ ያዘችው። «በሬ ላይ እተክለዋለሁ። ሙሉአለም ሲመጣ ያገኘዋል።»

ከአዲስ አበባ በሚወርደው ባቡር አዳማ ሲገቡ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ጎረቤቶቿ ከቀብር መልስ ዓይናቸውን ታጥበው ጠበቋት። አሰለፈች ደጃፏ ላይ ቆማ ክንዷን እንደ ዝሆን ኩምቢ እያወዛወዘች አሳየቻቸው፤ ወንበሩን፣ አንበሳውን፣ ሁሉን ተረከችላቸው። «ላም አለኝ በሰማይ ስትሉኝ አልነበር? ይኸው ወተቷን ጠጥቼ መጣሁ!» ሰዎቹ ሳቁላት። መሪማ ከሁሉም አብዝታ ሳቀችና ሮጣ ጓሮ ገባች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሰዎች ግቢውን ሞልተዋል። ከፊት አቶ ኃይለየሱስ፣ ከኋላቸው ሌሊቱን ከምንጃር በበቅሎ የገሰገሰው ታላቅ ወንድሟ፣ ከዚያ ገብረወልድ። ሲገቡ አንዱ የአበባውን ቆርቆሮ በእግሩ ደፋው፤ ያነሳው የለም።

ከሰዎቹ አንዱም ገና አልተናገረም። እሷ ግን ዓይኗን በሁሉም ላይ አዙራ ገብረወልድ ላይ አቆመች።

«መቼ?» አለች።

«ማክሰኞ» አሉ አቶ ኃይለየሱስ። «ትናንት በማዕረግ ቀብረነዋል። ቀትር ላይ።»

«ቀትር ላይ» አለች። «ቀትር ላይ እኔ ወንበሩ ላይ ነበርኩ።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። ሽማግሌው ትከሻዋን ያዙ። «አልቅሺ ልጄ፤ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።»

«ዕንባዬን ትናንት ስስቅ ጨረስኩት» አለች። እውነትም ዓይኗ ደረቅ ነበር። ከዚያ ወደ ገብረወልድ ተጠጋች፤ ድምጿን ሳታነሳ፣ ሌላው በማይሰማው ቃል፣ «በሰሌን የወረደው እሱ ነበር?» አለችው።

አዎን ሲል ራሱን ነቀነቀ።

«የእናቱን ሆድ ያጽናው ስል አሜን አልከኝ። እናቱ አንቺ ነሽ ማለት አቃተህ?»

ሌላ አልተናገረችውም። አርባው ካለፈ በኋላ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ጣቢያው ተመለሰች፤ በደጁ ስታልፍ እንዴት ዋልሽ ሲላትም እግዜር ይመስገን ትለዋለች፤ ክፉ ቃል አልወጣትም። ገብረወልድ ግን ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ቆሞ ሕዝቡ አሜን ሲል፣ እሱ አፉን አይከፍትም ነበር።