የመንገድ ጠረጴዛ

አስተባባሪዋ ስትስቅ የሚስቀው ጥርሷ ብቻ ነው። አክስቴ አንድ ቀን በምትሠራበት ሆቴል መተላለፊያ አይታት «ሳቂታዋ» ብላ ስም አወጣችላት፤ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሌላ ስም የላትም።

ሳቂታዋ የምትሠራው ለስደተኛ ሴቶች የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በሚሸፍን ድርጅት ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት የውሃ ምህንድስና የተማርኩት በእነሱ ነው፤ ይህን አልክድም። ሦስተኛው ዓመት ግን ገና አልተፈቀደልኝም ነበር። የሚፈቅደው ቦርዱ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ የሚወስነው ከዓመታዊው የእራት ግብዣ በኋላ ነው። ግብዣው ላይ አንዲት ተማሪ ቆማ ታሪኳን ትናገራለች። የዘንድሮዋ ተረኛ እኔ ሆንኩ።

«ምን ልናገር?» አልኳት ቢሮዋ ቁጭ ብዬ። «ለገጠር የሚሆን የውሃ ማጣሪያ እየሠራሁ ነው። አሸዋና ጠጠሩ እንዴት እንደሚደረደር ላሳያቸው?»

«በጣም ደስ ይላል፤ ግን እንግዶቻችን መሐንዲሶች አይደሉም» አለች። «መንገዱን ንገሪያቸው። እንዴት እንደመጣሽ። ለመንገድ ጠረጴዛው የሚሆን ዕቃም እንዳትረሺ።»

የመንገድ ጠረጴዛ የሚሉት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ነው። እያንዳንዷ ተማሪ በስደት መንገዷ ይዛው የመጣችውን ዕቃ እዚያ ላይ ታስቀምጣለች፤ እንግዶቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ይዞሩታል። አምና አንዷ የፈረሰ ቤቷን ቁልፍ፣ ሌላዋ የተቀደደ ጫማ አስቀምጠው ነበር። አንዲት ዕንቁ ያጠለቀች ሴትዮ ጫማውን በሁለት ጣቷ አንስታ ስታሸተው በዓይኔ አይቻለሁ።

«እኔ እኮ የመጣሁት በአውሮፕላን ነው» አልኳት። «አክስቴ ወረቀቱን ጨርሳ ነው ያስመጣችኝ። የያዝኩት ጎማ ያለው ሻንጣ ነው። እሱን ላምጣው?»

ጥርሷ ተከደነ። «አክስትሽ ግን በባሕር ነው የመጣችው አይደል? የቤተሰብ ታሪክ ያው የአንቺም ታሪክ ነው። ልንገርሽ፣ የኔ ቆንጆ፤ ዘንድሮ በጀቱ ጠባብ ነው። ቦርዱ የሚያስቀጥለው ልቡን የነካችውን ነው።»

ልቡን የነካችውን! ውጤቴን የያዘው ወረቀት ፊቷ ተዘርግቶ ነበር፤ ቡና ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ግን ምላሴን ነክሼ ወጣሁ፤ ዓመቱን እፈልገው ነበር።

አክስቴ ግብዣው የሚደረግበት ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ትልልቁን አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አጣማጇ ሥራ ከለቀቀች ወዲህ ግን አክስቴ አንዱን ጫፍ በር እጀታ ላይ እያሰረች ብቻዋን ነው የምታጥፈው። የሆነውን ስነግራት ሳቀች።

«ታዲያ የእኔን ታሪክ ውሰጂዋ! እኔ ምን ሠራሁበት?»

«አክስቴ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ አንቺን አላስተማሩሽም። ነርስ ልሁን ብለሽ ስታመለክቺ ዕድሜሽ አልፏል ያሉሽ እነሱ ናቸው።»

«ለባለቤቱ ካልሆነ ለእህት ልጅ ይሁን። ሁለት ጠብታ እንባ ብታወጪላቸው ምን ይጎድልብሻል? እኔ እዚህ በቀን ባልዲ ሙሉ ላብ አወጣለሁ፤ አንድ ሰው አላጨበጨበልኝም።»

ማታ ቤት ስንገባ ከቁም ሣጥኗ ጥግ አንድ ሰማያዊ ሻርፕ አወጣች። ጀልባ ላይ እሷና ጓደኛዋ ማዕበሉ እንዳይለያያቸው እጅ ለእጅ የተሳሰሩበት ሻርፕ ነው። ጀልባው ተገለበጠ። ጓደኛዋ አልወጣችም። በሻርፑ አንደኛው ጫፍ የጓደኛዋ እጅ ሾልኮ የወጣበት የጨርቅ ቀለበት ከነቋጠሮው አለ። አክስቴ የሰው ጨርቅ ሁሉ ትተኩሳለች፤ እሱን ግን በእጇ አጥባ ከማስጣት በቀር ካውያ አስነክታው አታውቅም።

«ይዩት» አለችኝ። «ቋጠሮውን ግን እንዳይነኩት።»

ለሳቂታዋ ሳስረክባት ደጋግሜ ነገርኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ እንደገና ጥርሷን አየሁት።

በግብዣው ዕለት አዳራሽ ስገባ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ሻርፑ እንደ ባንዲራ ተዘርግቷል። ለጥ ያለ፣ የተተኮሰ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ። ቋጠሮ የሚባል ነገር የለም።

«ምን አደረጋችሁት?»

«አላማረም?» አለች ሳቂታዋ። «ተጨማዶ ነበር እኮ! እኔው ራሴ ነኝ የተኮስኩት። ቀለሙ እንዴት እንደወጣ አየሽ?»

«ቋጠሮውስ?»

«ውይ፣ እሱ እኮ መልሶ ይቋጠራል! አሁን ዝም ብለሽ መድረኩ ላይ ውጪ፤ እየጠበቁሽ ነው።»

ወጣሁ። ያዘጋጀችልኝን ንግግር ማይክሮፎኑ ሥር አስቀመጥኩት፤ አላየሁትም።

«እኔ የመጣሁት በአውሮፕላን ነው» አልኩ። «መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ተኝቼ ነው የመጣሁት። በባሕር የመጣችው አክስቴ ናት። ልማር ብላ ደጃችሁ መጥታ አርጅተሻል ብላችሁ መልሳችኋታል። አሁን አፋችሁን የምትጠርጉበትን ጨርቅ የተኮሰችው እሷ ናት፤ የምትሠራው እግራችሁ ሥር ነው። ለመሆኑ አንዲት ሴት ለመማር መጀመሪያ መስመጥ አለባት? ሰምጣ ከወጣችስ በኋላ እናንተ ፊት እንደገና እየሰመጠች ማሳየት አለባት? ጎበዝ ናት ብላችሁ ማስተማር ያማችኋል?»

ሻርፑን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ ጭብጨባ ተነሣ። ብድግ ብለው፣ እያለቀሱ አጨበጨቡ! ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ምድር ቤት ወረድኩ። አክስቴ ወሬው ደርሷታል።

«ዓመትሽስ?» አለችኝ ገና ከበሩ። «እኔ ታሪኬን የሰጠሁሽ እንድትማሪበት ነው ወይስ እንድትደባደቢበት?»

ሻርፑን አውጥቼ ሰጠኋት። ዘረጋችው። የካውያውን መስመር በአውራ ጣቷ ተከተለችው።

«መልሰን እንቋጥረው» አልኳት።

ሞከረች። አዙራ አሰረችው፣ ፈታችው፣ በሌላ በኩል አሰረችው።

«እንዴት እንደነበር አላውቅም» አለች። «ያሰረችው እኮ እሷ ናት፤ ጓደኛዬ።»

ስልኬ ጮኸ። ሳቂታዋ ናት። አክስቴም እንድትሰማ ድምፁን ከፍቼ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ድንቅ ነበርሽ!» አለች። «ቦርዱ በሙሉ አልቅሷል። ዓመትሽ ተፈቅዷል! ነገ ለፎቶ ትመጫለሽ፤ ሻርፑን ትከሻሽ ላይ ጣል ታደርጊዋለሽ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላ ከተማ ያሉ ለጋሾች አሉ፤ ያንኑ ንግግር ትደግሚላቸዋለሽ። ልክ እንደ ትናንቱ ተቆጥተሽ።»

አክስቴን አየኋት። ሻርፑን ጠቅልላ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ትምህርቱን እቀበላለሁ» አልኩ። «ፎቶም ንግግርም ግን የለም።»

«የኔ ቆንጆ፣ አንዱ ከሌላው አይነጠልም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ለቁጣዬ ሌላ ተዋናይ ፈልጉ።»

ዘጋሁት። አክስቴ ራሷን ያዘች።

«እብድ! የእናትሽ ልጅ! አሁን ምን ልትበዪ ነው? ማን ሊከፍልልሽ ነው?»

«ዓመቱን እሠራለሁ፤ ከዚያ እኔው እከፍላለሁ።»

«የት?»

በር እጀታው ላይ የታሰረውን አንሶላ አየሁት። እሷም አየችው። ሄዳ ፈታችውና ጫፉን ወረወረችልኝ።

«ያዢ። አይ፣ እንደሱ አይደለም! ምህንድስና ተምረሽ ጥግና ጥግ ማጋጠም ያቅትሻል?»

ያዝኩ።

«ሳቢ እንጂ! ቅድም ስልክ ላይ የነበረው ጉልበትሽ የት ሄደ? ሳቢው!»