የሲሊከኑ ቁስል

የቁስል መድኃኒት መስታወት ላይ ለምን ይፈሳል? ሀኒፋ ይህን ከጠዋት ጀምራ በልቧ ብታመላልሰውም መልስ አላገኘችለትም። የልጅ ልጇ ነስሪን ጥቁር መስታወት የመሰለች፣ ከካርቶን የቀጠነች ነገር በትንሽ ፌስታል ከትታ ቡናማውን አዮዲን ስታንቆረቁርባት የአልኮሉ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

"ምኑ ቆስሎ ነው?"

"ሲቆረጥ፣ እምዬ። ሲሊከን ከተቆረጠ ገጹ ሁሉ ቁስል ነው።" ነስሪን ቀና አላለችም። "ብርሃን ሲመታው ኤሌክትሮኖቹ ከቦታቸው ብድግ ይላሉ። ትንሽ ዞር ዞር ይሉና ባገኙት ክፍት ቦታ ተመልሰው ይወድቃሉ፤ አለቀላቸው። ቁስሉ ካልታሸገ ደግሞ ሳይዞሩ እዚያው ያልቃሉ።"

"ስንት ጊዜ ይቆያሉ?"

"ሰኮንድን ሚሊዮን ቦታ ብትሸነሽኚያት አስሯን ቁራጭ። መድኃኒቱ ካለ ግን ዘጠና ይደርሳሉ። ቅዳሜ ለመምህሮቹ የማሳየው እሱን ነው።"

ሀኒፋ አይታቸው ለማታውቃቸው ነገሮች አዘነች። አስር ቁራጭ ምን ዕድሜ ሆኖ። የሚያባንናት ግን ቅዳሜ ነበር። ልጅቱ ቅዳሜን ካላለፈች ትምህርቱ ያበቃል፤ አባቷ ጃቢር አገር ቤት፣ ደሴ ያለ ዘመዱ ላጨላት ሰው ቃል ሰጥቶ ጨርሷል።

ሐሙስና ዓርብ ኮሌጁ ዝግ ስለሆነ ነስሪን የኤሌክትሮኖቹን ዕድሜ የሚለካውን ሳጥን በአደራ ተቀብላ ዳርሰይት ሰፈር ወዳለው ቤታቸው አምጥታዋለች። ጭላንጭል ብርሃን ከገባ ልኩ ይበላሻል ብላ በቀትር መጋረጃውን ዘጋች፣ በሩን ቆለፈች። የሀኒፋ ሥራ የካሜራውን ፍላሽ መጫን ነው።

"አሁን።"

ክፍሉ ቦግ አለ። በሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ዘለለና እየሰነፈ ወረደ። ነስሪን ጻፈች። "ሰማንያ ሰባት። ድገሚ፣ እምዬ።"

ጃቢር መዲናት ሱልጣን ቃቡስ በሚባለው የሀብታም ሰፈር በሹፌርነት የሚነዳላቸውን ቤተሰብ ከገበያ መልሶ የገባው ያኔ ነው። በዚያው ወር ከፎቃቸው የአንዲት ልጅ የገመና ፎቶ በብሉቱዝ ከሞባይል ሞባይል ዞሮ፣ አባቷ መስጊድ መምጣት ትቷል። ጃቢር በበሩ ሥር ፍላሽ ሲበርቅ አየ። ቀጥሎ አልኮሉ ሸተተው።

"ክፈቱ።"

"አባ፣ አንዴ ብቻ። ሁለት ደቂቃ..."

በሦስተኛው እርግጫ ቁልፉ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

"በዝግ ቤት ፎቶ? ይሄስ ምን ይሸታል?"

"መድኃኒት ነው፤ የቁስል" አለች ሀኒፋ።

"ማን ቆሰለ? አሳዪኝ ቁስሉን።"

ነስሪን ያስረዳቻት ሁሉ ከሀኒፋ ጭንቅላት ብን ብሎ ጠፋ። "የ... የመስታወቱ" አለች።

ጃቢር ሳቀ። "ወላሂ፣ እማ፣ አንቺንም አጠጣችሽ?"

ሳቁን ሳይጨርስ ልጅቱን በጥፊ አላት። ጭንቅላቷ ከቁምሳጥኑ ጋር ተላተመ። "አባ፣ የኮሌጅ ነው፣ ስማኝ" ስትል ገመዱን ከሳጥኑ ነቅሎ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ ፊቷን የሸፈነችበትን እጅ ገረፋት። ሀኒፋ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። አራገፋት፤ ወገቧ የአልጋውን ጠርዝ አገኘው፣ ትንፋሿ ተቆረጠ።

"ያ ረብ፣ ልትገድላት ነው?"

"ኻላስ፣ አለቀ፤ ደሴ ናት። ትኬቷን ዛሬ እቆርጣለሁ።" ፌስታሉን አነሳ። "ይሄንን ነው የምትጠጡት?"

"አባ፣ እሱን ተወው፣ ሌላ የለኝም" አለች ነስሪን። የለመነችው እሱን ብቻ ነበር፤ ስትገረፍ አልለመነችም።

ጃቢር ጨመደደው። ሲሊከኑ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ስባሪው እንደ ምላጭ ፌስታሉን ቀዶ መዳፉ ውስጥ ገባ። ደምና ቡናማ ውኃ እስከ ክርኑ ወረደ። መድኃኒቱ ሥጋውን ሲነካው ጮኸ፤ ፌስታሉን ጣለው።

ሀኒፋ ወገቧን ይዛ ተነሳች። ጠርሙሱን ከጠረጴዛው አንስታ የቆሰለ እጁን አንቃ ያዘች።

"ቁስል ፈልገህ አልነበር? ይኸውልህ።"

ጠርሙሱን ገለበጠችበት። ጃቢር በጉልበቱ ተንበረከከ። በልጅነቱ ጉልበቱ በተላጠ ቁጥር ይህችው ሴት ይህንኑ ቀብታው ያውቃል፤ ማቃጠሉን አልረሳውም።

"አዮዲን ነው" አለ፣ ድምፁ ሟሽሾ።

"አላልኩህም?"

ነስሪን ከንፈሯ እየደማ ስባሪውን ለቀመች። አብዛኛው ጥፍር የሚያህል ነው። አንዱ ብቻ ግማሽ መዳፍ ያህል ተርፏል። ከመለኪያው የመዳብ ጥምጥም ላይ አስቀምጣ ልክ ወሰደች፤ ጥምጥሙን ሸፈነው፣ ትንሽ እንኳ ተረፈ፤ ለልኬቱ ይበቃል። በንጹሕ መሐረብ ጠቀለለችው። ገመዱን ከወለሉ አነሳች። ሳጥኑን አቀፈች፣ ደብተሯን ብብቷ ሥር አደረገች፣ አባያዋን ደረበች።

"ነስሪን" አለ ጃቢር። "ቁጭ በይ። አላወቅኩም። ፊትሽን ታጠቢ፣ እንነጋገራለን።" ሊነሳ ዳዳው።

ሀኒፋ መዳፉን ጨመቀችው። ተመልሶ ተንበረከከ። ልጅቱ እስከ ቅዳሜ በዚህ ፊት የት ታድራለች፣ ማን ያስጠጋታል፣ ታክሲስ ታገኝ ይሆን፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። እጁን ግን አልለቀቀችም።

ነስሪን የተነቀለውን ቁልፍ ተራምዳ ወጣች።