የሜትሩ ሞላ

"አዑዙ ቢላህ!" ፈይሩዝ ካርቶኑን ወርውራ ወደ ኋላ ዘለለች። ከክዳኑ ሥር ተስፈንጥሮ ግንባሯን የመታት ቀይ የጨርቅ አበባ ፍራሹ ላይ ተንከባለለ። ለተዕዚያው ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ባንዴ ወደ እሷ ዞሩ።

ቀድሪያ ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። ባሏ ፈዲሉ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እህቱ ፈይሩዝ ደግሞ ከእንጭኒ መጥታ በማልቀስ ፈንታ አልጋ ሥር ስትጎረጉር ነው የዋለችው። ኤዲያ! የሞተ ሰው ዕቃ መበርበር ምን የሚሉት ሐዘን ነው?

"እትዬ ፈይሩዝ፣ አበባ ነው። አይናከስም።"

"ሲህር ነው! ድግምት ነው! ሼሁ ለዱዓ ሳይመጡ ይቃጠላል።"

ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። ሁለት ቀን ሙሉ "ፈዲሉ እኮ ደግ ነበር፣ አላህ ይዘንለት" ሲሉ የነበሩት እነዚሁ አፎች ናቸው። ደግ! ሰውዬው ደግ ሳይሆን ጅል ነበር። አምቦ ገበያ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ እያለው፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው፣ ከባዶ ካርቶን አበባ አውጥቼ ሰው ላስደንቅ ብሎ ሞላ ሲፈልግ የኖረ ጅል!

መጀመሪያ የእስክሪብቶ ሞላ ሞከረ። አበባው ትንሽ ቀና ብሎ መልሶ ተኛ። ቀጥሎ የአሮጌ ሶፋ ሞላ አመጣ፤ እሱ ደግሞ ካርቶኑን ገልብጦ አገጩን አቆሰለው። "ይሄ ጉልበቱ በዛ" አለ ደሙን እየጠረገ፣ ያውም ደስ ብሎት! ከዚያ የእሷን ጃንጥላ ሞላ ነቀለ። ይህን ያወቀችው ጉደር ሄዳ፣ ዝናብ መሃል ቆማ፣ ጃንጥላው አልከፈት ሲላት ነው። በስብሳ ተመለሰች፤ ንዴቷ ግን አልበረደላትም። በማግስቱ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ "ባሌ ሲህር ጀምሯል፤ ከእሱ ባልዲ እንዳትገዙ!" አለች። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች።

"አንቺው አይደለሽ እንዴ ያልሽው?" አለች ፈይሩዝ። "እኛ ጋ እንጭኒ ድረስ ተሰምቷል። ወንድሜ ይሄን ስም ተሸክሞ ነው የተቀበረው!" እንባዋ መጣ።

ቀድሪያ የሌላውን ወሬ ንቃ ታልፈው ነበር፤ ይሄ ግን ከራሷ አፍ የወጣ ነው። ካርቶኑ ዛሬ ከተቃጠለ ቀልዷ እውነት ሆኖ ሊቀር ነው፤ ፈዲሉም ሲህረኛ ተብሎ ሊቀር።

"መቀስ አምጡልኝ" አለች።

አበባውን ስፌቱ ላይ ተረተረችው። ፈዲሉ ይህን ምስጢር ለሰው እንዳትናገር አስምሏት ነበር። "ምን ቁም ነገር አለውና ነው የማወራው?" እያለች ነበር የማለችለት። ከጨርቁ ውስጥ ቀጭን ጥቅልል ብረት ወጣ።

"እዩት። የአናጢ ሜትር ሲለቀቅ እየጎተተ የሚመልሰው ሞላ ነው። ከአናጢው ከኦቦ ቀጀላ የተበላሸ ሜትር ለምኖ፣ ፈቶ፣ በቆርቆሮ መቀስ ቆርጦ ጨርቅ ሰፋበት። ሲጫኑት ይተኛል፣ ሲለቁት ይነሳል። ሲህራችሁ ይሄ ነው!"

ጎረቤቷ አዴ ቢፍቱ ብረቱን በጣቷ ተጭና ለቀቀችው። ዘለለ። "ውይ! ይሄው ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው፣ አፋቸውን በሻርፕ ከልለው ሳቁ።

"ይሄው ነው" አለች ቀድሪያ። ፈዲሉ ትክክለኛውን ሞላ ያገኘ ዕለት ከሱቅ እየሮጠ መጥቶ ፊቷ ላይ ሲያዘልለው፣ "ይሄው ነው?" ብላ ወደ ድስቷ ዞራ ነበር። ምን ነበረበት አንዴ እንኳ ብትስቅለት! ምን ይጎድልባት ነበር?

መርፌና ክር ጠየቀች። ጨርቁን መልሳ ልትሰፋ ስትል ብረቱ ከእጇ እያመለጠ አስቸገራት። ፈይሩዝ እንባዋን ጠርጋ አጠገቧ ተቀመጠችና ብረቱን በሁለት እጇ ጨመቀችው።

"ስፊ። ይዤልሻለሁ።"

ከደጁ ድንኳን የሼሁ ዱዓ ተሰማ። ሴቶቹ ሁሉ መዳፋቸውን ዘረጉ። ፈይሩዝ ግን መዘርጋት አልቻለችም፤ ከለቀቀችው ይዘላል። ሁለቱም አበባው ላይ እንዳጎነበሱ "አሚን" አሉ።