አራት ዲግሪ

የሥጋ ማቀዝቀዣውን ክፍል በር ስከፍት ግማቱ ሊጥለኝ ምንም አልቀረው። ሥጋው አረንጓዴ ሆኗል፤ ከየመንጠቆው ሥር ዝልግልግ ነገር ይንጠባጠባል። በሩ ላይ ያለው ስክሪን ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ "አራት ዲግሪ" ይላል።

ጥፋቱን ለማግኘት አልደከምኩም። ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈው ዋናው ፕሮግራም በየደቂቃው፣ ፐርል በሚባል ሌላ ቋንቋ የተጻፈች ሳብሩቲን፣ ማለትም ትንሽ ረዳት ፕሮግራም፣ ጠርቶ ሙቀቱን ይጠይቃታል። ፊውዝ ሲቃጠል ማቀዝቀዣው ከነቴርሞሜትሩ ይጠፋል፤ ያኔ ሳብሩቲኗ መልስ ሳትሰጥ ትሞታለች። ፕሮግራሙ ግን ሞተች ወይስ መለሰች ብሎ አያጣራም፤ ካለፈው ጥሪ የተረፈውን መልስ አንስቶ ያሳያል። የሬሳ ኪስ ከመበርበር በምን ይለያል?

ፕሮግራሙን የጻፉት አለቃችን ናቸው። ሁሉንም ነገር "ሰላም ነው" ስለሚሉ "ጋሼ ሰላም ነው" እንላቸዋለን።

"ስህተቱን ለምን አፈኑት?" አልኳቸው።

"እሷ በሞተች ቁጥር ዋናው ፕሮግራም ተከትሏት ይሞት ነበራ! አሁን ይኸው፣ አንዴም ቆሞ አያውቅም።"

ኮዱን አስተካከልኩ፤ ከእንግዲህ ጥሪው ከከሸፈ ደወል ይጮኻል። ፊውዙ ተቀየረ፤ የገማው ተጥሎ አዲስ ሥጋ ገባ።

ከሰነባበተ በኋላ አንድ ጠዋት ከዕረፍት ተመልሼ ስገባ ያው ግማት በሩ ላይ ተቀበለኝ። ደወሉ ጭጭ ብሏል። ቀና ብዬ ሳየው አፉ ውስጥ የወለል መወልወያ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል።

"ከትናንት ወዲያ ሲያደነቁረን ዋለ" አሉ ጋሼ ሰላም ነው ከኋላዬ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው። "አሁን ሰላም ነው።"