ጌትዌዩ ሳይዞር

ሩሃማ ከቡራዩ በተሳፈረችበት ሚኒባስ ውስጥ እያለች ስልኳ ጮኸ። የደወሉት ሰበታ ሆነው የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበሉት ኦቦ መገርሳ ነበሩ።

«ሩሃማ፣ ከአራት ሰዓት ጀምሮ አንድም ጥሪ አልገባልኝም። ደህና ነው?»

ደህና አልነበረም። ጤና ጣቢያዎች አምቡላንስ የሚጠሩበትን አፕ የሠራችው እሷ ናት። ዛሬ አዲሱን ቨርዥን የሚያወጣው ደግሞ ራሷ የጻፈችው ስክሪፕት ነበር። አዲሱን ሰርቨር ያስነሳል፤ ጥሪዎችን ተቀብሎ የሚያሳልፈውን ጌትዌይ ወደ አዲሱ ያዞራል፤ ከዚያ አሮጌውን ይዘጋል። ሁሉንም ያለ ሰው እጅ። አራት ሰዓት ላይ «ተሳክቷል» ብሎ መልእክት ልኮላት ነበር።

«ወራጅ አለ!»

ገፈርሳ አጠገብ ወርዳ ባህር ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ላፕቶፗን ከስልኳ ኢንተርኔት ጋር አገናኘች። ጌትዌዩን ከፍታ አየችው። አዲሱ አድራሻ ተመዝግቧል እንጂ ሥራ ላይ አልዋለም። ጥሪው ሁሉ የሚሄደው ወደ ተዘጋው ሰርቨር ነው።

ትእዛዙን መጻፍ ስትጀምር ስልኩ ጮኸ፤ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

«ከጤና ጣቢያ በባጃጅ ሰው መጣ!» አሉ ኦቦ መገርሳ። «ደም የሚፈሳት ወላድ አለች። ሦስቴ ጠርተን እምቢ አለን ይላሉ።»

«አምቡላንስ ላኩላት?»

«ወጥቷል። ሌሎቹስ? ማን እየጠራኝ እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«በቢሮው ስልክ ለየጤና ጣቢያው ይደውሉ። ለእኔ ግን አይደውሉ፤ ስናወራ ኢንተርኔቴ ይቆማል። አደራ!»

ትእዛዙን ስትጽፍ ሁለቴ ተሳሳተች። በሦስተኛው ጌትዌዩ ተቀበላት። አንድ ደቂቃ ጠበቀች። ምንም የለም። ከዚያ ከሱሉልታ አንድ ጥሪ ገባ፤ ተከትሎም ከሰበታ ሁለት።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ መገርሳ ደወሉ። ወላዷ ሆስፒታል ደርሳ ተርፋለች።

«ለምን ሆነ ግን?» አሉ።

ሩሃማ ልትዋሽ ትችል ነበር። «አሮጌው ከመዘጋቱ በፊት ስክሪፕቱ የሙከራ ጥሪ ልኮ ያረጋግጥ ነበር። አራት ደቂቃ ይፈጃል ብዬ ማረጋገጫውን ባለፈው ሳምንት ከስክሪፕቱ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

 

«አሁን መልሰሽዋል?» አሉ ሽማግሌው።

«እየመለስኩት ነው።»

«ስትጨርሺ ንገሪኝ። እስከዚያ እኔ ለየጤና ጣቢያው በስልክ እየደወልኩ የጠሩ እንዳሉ እጠይቃለሁ» ብለው ዘጉ።